የቶማስ ፕራውት ጭልፋ

ጄስቲና ፕራውት ፍሪታውን ፖስታ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ደብዳቤ ስትለይ ኖራ አንድም ደብዳቤ ያለ ቦታው አልላከችም። ይህን የምትለው ራሷ ናት፤ የሚያስተባብላት ግን እስካሁን አልተገኘም። «ለአጎቴ፣ ከትልቁ ማንጎ ዛፍ አጠገብ» ተብሎ ብቻ የተጻፈበትን ፖስታ እንኳ፣ የትኛው አጎት፣ የትኛው ማንጎ መሆኑን አጣርታ ታደርሰው ነበር። ጡረታ ስትወጣ ይህ አመሏ አብሯት ቤት ገባ። ክዳን ከድስቱ፣ ማንኪያ ከማንኪያው ጋር ካልተቀመጠ እረፍት የላትም። ታናሽ እህቷ ላቪኒያ፣ «አንቺ እኮ ሰማይ ቤትም ገብተሽ መላእክቱን በፊደል ተራ ሳታሰልፊ አትቀመጪም» እያለች ትስቅባት ነበር።

ሁለቱ እህትማማቾች በወላጆቻቸው የሳንቃ ቤት አብረው አረጁ። ጄስቲና አላገባችም። ላቪኒያ አግብታ፣ አንዲት ሴት ልጅ ወልዳ፣ ባሏ ሲሞትባት ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወደ እህቷ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ሳይጨቃጨቁ የዋሉበት ቀን የለም። ሩዙ ውሃ በዛበት፣ መስኮቱ ክፍት አደረ፣ የጎረቤት ዶሮ ማን አስገባት፣ ብቻ ምክንያት አይጠፋም። ከሁሉ ግን ያላረጀው ጭቅጭቅ የጭልፋው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕራውቶች እንደ ሌሎቹ የከተማው ነባር ቤተሰቦች ሰው ሲሞትባቸው በአርባኛው ቀን «አዉጆ» የሚባለውን የሙታን ግብዣ ይደግሳሉ። አደንጓሬ በቀይ የዘንባባ ዘይት ይሠራል፣ ሙዝና ስኳር ድንች ይጠበሳል፣ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ይቆፈራል። የቤተሰቡ ታላቅ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኮ ሙታኑን ከመጀመሪያው ጀምሮ በየስማቸው ይጠራል፤ ለእያንዳንዱ ስም አንድ ጭልፋ። የተጠሩት መጥተው፣ በልተው፣ አዲሱን ሟች ተቀብለው ይዘውት ይሄዳሉ። ጥሪው ከተበላሸ ግን ሟቹ በር ላይ ቆሞ ይቀራል። በፕራውቶች ቤት የመጀመሪያው ጭልፋ የቶማስ ፕራውት ነው። ሁለተኛው የኬሌብ፤ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ከሰሜን አሜሪካዋ ኖቫ ስኮሺያ ብርድ ወጥተው እዚህ ባሕር ዳር ሲወርዱ አብሯቸው የወረደው ኬሌብ ፕራውት። ቶማስ አባቱ ነው ሲባል ሁሉም ሰምቶ አድጓል። ከእነሱ በታች ደግሞ ዘጠኝ ስም አለ።

በእናታቸው በእማማ ሳቢና ዘመን ጭልፋው በእሷ እጅ ነበር። እሷ ስትጠራ የመጀመሪያው ጭልፋ ሁልጊዜ ከጉድጓዱ ውጭ፣ በአጥሩ በኩል ይፈስሳል። ልጆቹ እየተጎሻሸሙ ይስቁ ነበር። እማማ ስትሞት ጭልፋው ለጄስቲና ደረሰ። ጄስቲና ደግሞ የሚፈስስ ነገር አትወድም፤ የቶማስን ድርሻ አንዲት ፍሬ ሳታንጠባጥብ ጉድጓዱ መሐል አስቀመጠችው።

«እማማ እንዲህ አልነበረም የምታደርገው» አለቻት ላቪኒያ በዚያው ቀን።

«እማማ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። መንቀጥቀጥም ይወረሳል እንዴ?»

«እኔ ያየሁትን ነው የምልሽ። ደግሞ በአፏ የሆነ ነገር ትል ነበር።»

«እጇን ትረግም ነበራ!»

«እሺ፣ የፖስታ ቤቷ ንግሥት! አንቺ ያላየሽው ነገር መቼም አልተፈጠረም።»

ይህ ክርክር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆየ። ዘመድ በሞተ ቁጥር፣ አደንጓሬ በተጣደ ቁጥር ይነሳል። ላቪኒያ ልቧ ደክሞ አልጋ ከያዘች በኋላ እንኳ፣ «የእኔ አርባ ላይ እንደ እማማ አድርጊልኝ» አለቻት። ጄስቲና ትራሷን እያስተካከለች፣ «አትሞቺም፤ ብትሞቺም ሥርዓት አላበላሽም» ብላ መለሰች። ላቪኒያ ሳቀች። በማግስቱ ጠዋት ሞተች።

ለአርባዋ አምስት ቀን ሲቀር የላቪኒያ ልጅ አቢዮሴ መጣች። አቢዮሴ የታሪክ አስተማሪ ናት። ለእናቷ አርባ የሚታደል ትንሽ መጽሔት ልታሳትም፣ በፊት ገጹም የቤተሰቡን የዘር ሐረግ ልታወጣ፣ ተራራው ላይ ካለው ኮሌጅ የድሮ መዝገብ ስታገላብጥ ሰንብታ ነበር። በሩ ላይ ስትቆም ፊቷ ደህና አልነበረም።

«አንቲ ጄስቲና፣ ይቀመጡ እስቲ» አለች አክስቷን።

«ቆሜ የማልሰማው ምን ነገር ነው? ደግሞ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ድሮ የሞቱት ናቸው ያስቸገሩኝ» አለችና ቅጂ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

ወረቀቱ የመርከብ መዝገብ ነው። አሜሪካ ውስጥ የነጻነት ጦርነቱ ሲያበቃ ለእንግሊዞች ያደሩት ጥቁሮች ወደ ኖቫ ስኮሺያ ሲጫኑ፣ እያንዳንዱ ሰው ማን እንደሆነና ከማን እንዳመለጠ የተጻፈበት። አቢዮሴ በጣቷ እየተከተለች አነበበችላት። «ኬሌብ፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ጠንካራ ሰው። የቻርለስታውኑ የቶማስ ፕራውት ባሪያ የነበረ፤ ከአራት ዓመት በፊት ጥሎት የጠፋ።»

ጄስቲና መነጽሯን አጥልቃ ራሷ አነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ጀርባው ባዶ ነው።

«ሌላ ቶማስ ይሆናል» አለች።

«እንግዲያው ኬሌብም ሌላ ነዋ። አንቲ፣ መርከቡም ዕድሜውም የእኛው ነው።»

«አባት የሚል ቦታ የለውም?»

«የለውም። ጌታህ ማን ነበር ነው የሚሉት፤ አባትማ ማን ይጠይቃቸዋል። ግን አንዱ ጸሐፊ መቼም ደግ ሰው ይሆናል፣ ዳሩ ላይ ይችን ጽፏል። እናቱ ቤና፣ እዚያው ቀርታለች ይላል።»

ቤና። በዚያ ቤት በዚያ ሁሉ ዘመን ቤና ተብሎ ተጠርቶ አያውቅም። ጄስቲና ስሙን በከንፈሯ ሞከረችው። ከዚያ ሌላው ነገር ዘግይቶ መጣባት፤ ፊቷ ጋለ።

«ሰውየውን ነዋ ሳበላ የኖርኩት!» አለች። «ከኬሌብ አስቀድሜ! ከእናቴ አስቀድሜ! የገዛ ባለቤቱን!»

«ከባርነት የወጡት የጌታቸውን ስም ይይዙ ነበር። ስሙ አብሮ ሲጠራ ሲጠራ አባት መስሎ ቀርቶ ይሆናል። ደግሞ...» አቢዮሴ ጠረጴዛውን ማየት ጀመረች። «ደግሞ አባቱም ሊሆን ይችላል፣ አንቲ። ያን ጊዜ ጌቶቹ ሴቶቹን ምን ያደርጓቸው እንደነበር ያውቃሉ።»

ጄስቲናን ያሳበዳት ይኸኛው ነው። ሰውየው ጌታ ብቻ ከሆነ ስሙን ሰርዞ መጣል ነው፤ ምን ይከብዳል። አባትም ከሆነ ግን ያ የተረገመ ሰው በደሟ ውስጥ አለ፤ ስሙን ብትዘልለው የቤተሰቡን የመጀመሪያ ሰው መዝለሏ ነው። ጠርታው ጌታ ብቻ ቢሆንስ? ላቪኒያን የሚቀበላት ማን ሊሆን ነው? በሩን የሚከፍትላት ባሪያ ፈንጋይ? እህቷን በገዛ እጇ ወስዳ ለዚያ ሰው ልታስረክባት?

«መጽሔቱ ላይ ምን ልጻፍ?» አለች አቢዮሴ።

«እኔ ምን አውቄ!» ብላ ጮኸችባት። ከዚያ እንደመጸጸት ብላ ዝንጅብል ውሃ ቀዳችላት።

በነጋታው ኬሌብ ወደተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ሄደች። የቀብር መዝገቡን አስወጥታ፣ ምስጥ ያልቀመሰውን ገጽ ሁሉ አንድ በአንድ እያየች እስከ ቀትር ተቀመጠች። አገኘችው። «ኬሌብ ፕራውት፣ አናጺ፣ በአፍሪካ የተወለደ፣ ዕድሜው ሰባ ገደማ።»

በአፍሪካ የተወለደ! ልትዘል ምንም አልቀራት። በአፍሪካ ከተወለደ አባቱ የሆነ መንደር ውስጥ የቀረ የሆነ ሰው ነው፤ ቶማስ ውጭ ይጣላል። ደስታዋ ግን መጽሐፉን እስክትዘጋ እንኳ አልቆየም። ከኬሌብ በታች የተጻፈችውን ሴትዮ ታውቃታለች፤ የመቃብር ድንጋይዋ ደጅ ቆሟል፤ ኖቫ ስኮሺያ ተወለደች ይላል። መዝገቡ ግን እሷንም በአፍሪካ የተወለደች ይላታል። ከላይ ያለውንም እንዲሁ፣ ከዚያ በላይ ያለውንም እንዲሁ። ቄሱ ጥቁር ሰው በሞተ ቁጥር ሳይጠይቅ በአፍሪካ የተወለደ እያለ ሞልቶት ሊሆን ነው። ወይም ስለ ሴትዮዋ ተሳስቶ ስለ ኬሌብ ልክ ነበር። ወይም ቤና ሕፃን ኬሌብን አዝላ ባሕሩን ተሻግራለች። ጄስቲና ሁለት አድራሻ የተጻፈበት ፖስታ አጋጥሟት ያውቃል፤ ያኔ ቀድዶ ውስጡን ማየት ይቻል ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ስትወጣ ከገባችበት ጊዜ የባሰ ተምታቶባት ነበር።

ሐሙስ ዕለት የአጎቷ ልጅ ፓ ሂዝካያ ጉድጓዱን ሊቆፍር መጣ። ሂዝካያ ዕድሜውን በመርከብ ሞተር ክፍል የፈጀ፣ አሁን ቀኑን ሙሉ ዳማ ሲጫወት የሚውል፣ ሁሉም በአክብሮት «ፓ» የሚለው ሽማግሌ ነው። ነገሩን ነገረችው፤ ወረቀቱን ግን ሊያየው አልፈለገም።

«ቶማስ ሰባኪ ነበር፤ አባቴ ነግሮኛል።»

«ባለፈው ገና ወታደር ነበር ብለህ ለልጆቹ ስታወራ!»

«ወታደር አይሰብክም?»

«አንተ ሰውዬ፣ ኬሌብን የገዛው ነው እያልኩህ!»

ሂዝካያ ዶማውን ተደግፎ ቆመ። «ስሚ ጄስቲና። አያቴ ቶማስን ጠራ፣ አባቴ ጠራ፣ እናትሽ ጠራች። አንቺ ከአንድ ወረቀት ተነስተሽ የሰው አባት ልትሽሪ ነው? ወረቀቱንስ የጻፈው ማን ሆነና? እነሱው አይደሉ?»

«እሺ፣ ዓይንህ ከየት መጣ?»

ቃሉ አምልጧት ነው። የሂዝካያ ዓይን ግራጫ ነው። በየትውልዱ አንድ ሰው ላይ ብቅ ይላል፤ ቤተሰቡም የፕራውት ዓይን እያለ ይኮራበታል። ጄስቲና ከልጅነቷ ጀምሮ ስትቀናበት የኖረችውን ዓይን ዛሬ ላለማየት ወደ ጉድጓዱ አቀረቀረች።

«ዓይኔ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። ቆፍር።»

ሂዝካያ ጥቂት ቆፈረና እንደገና ቀና አለ። «ብቻ እንዲህ ልበልሽ። ቶማስን ከዘለልሽው ላቪኒያን በር ላይ ታስቀሪያታለሽ። ኋላ አልነገረኝም እንዳትይ።»

ከሰዓት በኋላ ጄስቲና ላቪኒያ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥማት የምትነግረው ለላቪኒያ ነበር። ላቪኒያ ትስቅባታለች፣ እሷ ትናደዳለች፣ በንዴቱ መሐል ነገሩ ይፈታል። አሁን የሚያናድዳት የለም። ፈራች። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። አለቀሰች፤ ከዚያ ተነስታ ክዳኖቹን በየድስቱ ላይ አስተካከለች።

ቅዳሜ ግቢው ገና በጠዋቱ ሞላ። ሴቶቹ አንድ ዓይነት ጨርቅ ለብሰው ድስቶቹን ከበቡ። አደንጓሬው በዘይቱ ቀልቶ ይንተከተካል፣ ሙዙ ይጠበሳል፣ አንዷ ጎረቤት ጨው አነሰ፣ ሌላዋ በዛ ትላለች። ላቪኒያ በሕይወት ብትኖር ሁለቱንም ትሞግታቸው ነበር። ቀትር ላይ ጄስቲና ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከች። አቢዮሴ ሳህኑን ያዘችላት። ሂዝካያ እጁን አጣጥፎ በአጥሩ በኩል ቆመ።

ጄስቲና ወስና ነበር የወጣችው። ቶማስን ዘለለችው። «ኬሌብ ፕራውት» ብላ ጠራች፤ የመጀመሪያውን ጭልፋ ለእሱ አደረገች። ከዚያ ለሁለት ተከፍለው አራት የሆኑትን ሁለት የኮላ ፍሬዎች አንስታ፣ «መጣችሁ ወይ?» ብላ ጣለች። ሁለቱ ፊታቸውን ወደ ላይ፣ ሁለቱ ወደ ታች ከሆኑ መጥተዋል ማለት ነው። አራቱም በአፋቸው ተደፉ።

ሴቶቹ አጉረመረሙ። ጄስቲናን ላብ አጠመቃት። እናቱን ብትጠራስ? «ቤና» አለች፣ ሁለተኛውን ጭልፋ ጨመረች፤ ኮላውን ጣለች። ሦስቱ ተደፉ፣ አንዱ ብቻ ቀና አለ።

«ቶማስን ጥሪው!» አለ ሂዝካያ ከአጥሩ በኩል። «ላቪኒያን በር ላይ አቆምሻት እኮ!»

«ፓ ሂዝካያ፣ ይተዋቸው» አለች አቢዮሴ። ድምጿ ግን ልቅሶ ልቅሶ ይል ነበር። እናቷ ናት፤ እሷም ፈርታለች።

ጄስቲና ጭልፋውን ሞልታ አነሳች። ምን ታድርግ? «ቶማስ ፕራውት» አለች። ስሙን ስትጠራ ምላሷ መረራት። ጭልፋውን ወደ ጉድጓዱ ወሰደችው፤ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የጄስቲና እጅ፣ ያ ሠላሳ አራት ዓመት ያልተሳሳተ እጅ፣ እንደ እማማ እጅ ተንቀጠቀጠና ዘይቱ በጭልፋው ዳር ጠብ ጠብ አለ።

እንደ እማማ እጅ። የእማማን እጅ በዓይኗ አየችው። እዚሁ ግቢ፣ እማማ ገና ጠንካራ ሴት ሳለች፣ እነሱ ልጆች ሳሉ። የመጀመሪያው ጭልፋ በአጥሩ በኩል ይፈስሳል፤ እነሱ ይስቃሉ። ሁለተኛው ለኬሌብ፤ ጉድጓዱ መሐል። ሦስተኛው መሐል። አራተኛው መሐል። እስከ መጨረሻው አንዲት ፍሬ ከጉድጓዱ ውጭ አትወድቅም። ጄስቲና ይህን አይታዋለች። በየአርባው ድግስ አይታዋለች፤ አንድም ቀን አላሰበችውም። ለአንድ ጭልፋ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ምን ዓይነት እጅ ነው?

እማማ ታውቅ ነበር። ወይም ከእማማ በፊት ጭልፋውን የያዙት ያውቁ ነበርና እማማ ሳትጠይቅ እንዳሳዩዋት አደረገች። ሰውየውን ይጠሩታል፤ ምክንያቱም ማን እንደሆነ ማንም እርግጠኛ አይደለም፣ አባትም ሊሆን ይችላል፣ ያልተጠራ ደግሞ ይቀየማል። ጉድጓዱ ውስጥ ግን አያስገቡትም። ከኬሌብ ጋር አያስቀምጡትም። ድርሻው ውጭ ነው። እሷ፣ ያለ ቦታው አንድም ነገር አልላኩም የምትለው ሴት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እጁን ይዛ ወደ ውስጥ ስታስገባው ኖራለች።

ጭልፋውን ከጉድጓዱ ላይ መለሰችው። ዞር ብላ በአጥሩ በኩል፣ በሂዝካያ እግር አጠገብ፣ ሙሉውን ገለበጠችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ሂዝካያ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ።

ጄስቲና ጭልፋው ላይ የቀረውን ዘይት በዚያው አራገፈች። እማማ በአፏ የምትለው ምን እንደነበር አታውቅም፤ ያስተዋለችው ላቪኒያ ብቻ ነበረች፣ እሷንም ጠይቃት አታውቅም። ስለዚህ የራሷን ተናገረች። «ቶማስ፣ ድርሻህ ይኸው። እዚያው ብላ። ወደዚህ እንዳትገባ።» ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰች። «የኬሌብ አባት፣ ቶማስ ካልሆነ ያ ሌላው፣ ስምህን የማላውቀው፣ ና» አለችና አንድ ጭልፋ ጨመረች። ቤናን እንደገና ጠራች። ኬሌብን እንደገና ጠራች። ኮላውን ጣለች።

ሁለቱ ቀና አሉ፣ ሁለቱ ተደፉ።

ግቢው ተነፈሰ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ሂዝካያ ግራጫ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። ጄስቲና ግን ኮላው የማን መልስ እንደሆነ አልገባትም። የቤና? ስሙ የጠፋው የዚያ ሰው? ውጭ ስለቀረ የተስማማው ቶማስ ራሱ? ኬሌብ የማን ልጅ እንደነበር ዛሬም አታውቅም፤ መቼም አታውቅም። ስሞቹን ቀጠለች፤ አንድ በአንድ፣ አንዲት ፍሬ ሳታንጠባጥብ፣ እስከ እናቷ ድረስ ጠራች።

አንድ ስም ቀረ። ጭልፋውን ሞላች፤ ከላዩ ላይ ላቪኒያ የምትወደውን ጠርዙ ያረረ ሙዝ ደረበችበት። ጎንበስ ብላ፣ አቢዮሴ ብቻ በምትሰማው ድምፅ ለጉድጓዱ ነገረችው።

«ላቪኒያ፣ ግቢ። የእማማ እጅ አልተንቀጠቀጠም። ልክ አንቺ ነበርሽ።»